ማን ይቀበላታል?

ልጅ እያለሁ ሰው የሚሸኘው እስከ ቤቱ በር አልነበረም፤ እስከ መኪናው መስኮት ነበር። ከበር ላይ ተሰናብቶ የሚመለስ ሰው ቢኖር ወይ የታመመ ነው፣ ወይ እንግዳው ባልመጣ ብሎ ሲጸልይ የከረመ ነው። ቢቸና ላይ የምናውቀው እንዲህ ነበር። ሰው ሲሄድ ጎረቤቱ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል፣ ስንቁን ይሸከምለታል፣ መናኸሪያ ድረስ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ቦታ ይዞ በመስኮት ብቅ እስኪል ይቆማል፣ መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስም እጁን አያወርድም። ይህን የምጽፈው ናፍቆት ይዞኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ንዴቱ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ቤታችን ከድሮው መናኸሪያ ጀርባ ነበር። በእኛ አጥርና በመናኸሪያው መካከል አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነበረች፤ ክረምት ክረምት ጭቃዋ ጫማ ታስወልቅ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የረዳቶቹ ጥሪ ነው። አንዱ «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ሞጣ» ይላል፤ ሌላው «የቀረ ደጀን፣ ደጀን» እያለ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይደበድባል። እናቴ ጠላ ትሸጥ ስለነበር ሾፌሮቹም ረዳቶቹም ቤተኞች ነበሩ። መናኸሪያው መሃል አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ፍሬው ሲበስል ይረግፋል፣ እኛ ልጆቹ እየለቀምን እንመጠዋለን፣ ሙጫው ጣታችንን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ የተቀደደ ደብተርም እንለጥፍበታለን። ከዋንዛው ሥር የናፍጣው፣ የእርጥቡ በግ፣ የበርበሬው ጆንያና በኮባ የተጋገረው ዳቦ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ዛሬም ናፍጣ ሲሸተኝ ዳቦ ያምረኛል። ሰው ይስቅብኛል እንጂ እውነቴን ነው።

ጨዋታችንም እዚያው ነበር። ከሁሉ የምንወደው ባቡር ነው። ባቡር ግን አይተን አናውቅም። ከድሬዳዋ ተመድበው የመጡ አንድ አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስለው አሳይተውናል፤ ጩኸቱንም በአፋቸው አሰምተውን ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳችን የሌላችንን ልብስ ከኋላ ይዘን፣ ረጅም ሰልፍ ሆነን፣ እንደ አስተማሪያችን እየጮህን በመኪኖቹ መሃል እንዞራለን። ተራ አስከባሪው ዱላውን ይዞ ይመጣና «ይሄን ባቡር ከዚህ አንሱልኝ» ይለናል። እኛም በሐዲድ የማይሄድ ባቡር ስለሆንን በየአቅጣጫው እንበተናለን። ቢቸና ባቡር ያየችው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም።

በዚያ ጊዜ ልጅ ብቻውን ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል ማለት ግን በአደራ ይሄዳል ማለት ነው። ለዘመድ የሚላክ ቅቤ፣ ለተማሪ የሚላክ ስንቅ፣ ለአክስት የሚላክ ልጅ፣ ሁሉም መናኸሪያ ይወሰድና ወደዚያ አገር ለሚሄድ ሰው በእጅ ይሰጣል። እናቴ ጥሩነሽ በዚህ ነገር የታወቀች ነበረች። የራሷን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም አደራ ሰው ፈልጋ የምታስይዘው እሷ ናት። ተሳፋሪውን ስታይ ትቆይና ወደ አንዱ ተጠግታ ወዴት እንደሚሄድ ትጠይቃለች። ከዚያ ነገሩን ታነሳለች። ሰውየው ቶሎ «እሺ፣ ምን ችግር አለ» ካለ አመስግናው ታልፋለች፤ እሱም ምን አጠፋሁ ብሎ ይገረማል። የምትፈልገው «እዚያስ ማን ይቀበላታል?» የሚላትን ሰው ነበር። እሺ ለማለት የሚቸኩል ሰው አደራውን መኪናው ላይ ይረሳዋል፣ ተቀባዩን የሚጠይቅ ግን ምን እንደያዘ ገብቶታል ትል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ የልጁን እጅ በሰውየው እጅ ላይ ታስቀምጥና «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ልጁ እስኪያስረክበው ድረስ የዚያ ሰው ነው።

እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሞጣ የላከችኝ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሞጣ የእናቴ ታናሽ እህት አስናቀች ትኖር ነበር። ያን ቀን እናቴ አንዱን ጠይቃ አለፈችው፣ ሌላዋንም ጠይቃ አለፈቻት። እኔ ፌስታሌን ታቅፌ ከኋላዋ እከተላለሁ። ዋንዛው ሥር አገልግል ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠች፣ ከል የለበሰች ረጅም ሴት ስታየን ቆይታ ኖሮ ድንገት ተናገረች።

«ምነው እህቴ፣ ልጅቱን እንደ ጆንያ ከሰው ሰው ታንከራትቻታለሽ? እዚያ ሞጣ ማን ነው የሚቀበላት?»

እናቴ ሳቀች። ከሳቋ የምትፈልገውን እንዳገኘች ገባኝ። ሴትዮዋ ዘነበች ትባላለች፤ የዕድ ውሃ ከሚባለው አገር ነው የመጣችው። ወንድሟ ሞቶ አርባው ስለደረሰ ከሞጣ ወዲያ በእግር ወደሚኬድ መንደር ለተዝካሩ መሄዷ ነበር። አገልግሉ ውስጥ ያለው የተዝካሩ ዳቦ ነው። ማታ ፍትሐት ስላለ ቀን ሳለ መድረስ አለባት። ይህን ሁሉ እንደ ቁጣ አድርጋ ተናገረችና እጄን ተቀበለች። እናቴም ቃሏን አለች፤ እንደ ልማዷም መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር እጇን ከፍ አድርጋ ቆመች።

መንገዱን ከሞላ ጎደል አልረሳሁትም። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ዞሮ ተሳለመ። ከጉንደ ወይን አለፍ ብሎ ጎማ ፈነዳና ወርደን ሳር ላይ ተቀመጥን፤ ረዳቱ ጎማውን ሲፈታ ዘነበች አጠገቡ ቆማ አሠራሩን ስትነቅፍ ነበር። መኪና ነድታ አታውቅም፤ ነቀፋዋ ግን እንደ ሾፌር ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ የቀሚሴን ጫፍ በጭብጧ ይዛ እንደነበር የማውቀው ስነቃም እንደያዘችው ስለነበር ነው።

ሞጣ የገባነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ተሳፋሪው ወረደ፣ ተሳሳመ፣ ሻንጣውን ከጣሪያ አወረደ፣ ሄደ። አክስቴ አስናቀች የለችም። ዘነበች የመናኸሪያውን ዙሪያ አየች፣ በእጇ ፀሐይዋን ከልላ መንገዱን አየች፣ ከዚያ ግንቡ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና ከጎኔ ተቀመጠች። መጀመሪያ አክስቴን ተቆጣች። ቀጥላ እናቴን፣ ከዚያ ጎማውን፣ ከዚያ የሞጣን ሰው በጠቅላላ ተቆጣች። የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራች አስናቀች የምትባል ታውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ የሚያውቃት ሲጠፋ እሱንም ትቆጣዋለች። ዘነበችን የሚያውቁ አንድ ጥላ የያዙ ሽማግሌ ወደ ወንድሟ መንደር የሚሄዱ ስለነበሩ «ልጅቱን ለሞጣ ሰው አስይዣትና አብረን እንሂድ፣ ይመሽብሻል» ብለዋት ነበር። እሷ ግን አልተነሳችም። «የሰጠችኝ ለእኔ ነው አባባ» አለቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ እሷም የመንገድ ጓደኛ አጣች።

ራበኝ። ዓይኔ አገልግሉ ላይ ነበር መሰለኝ። ዘነበች አየችኝ። ዳቦው ለተዝካር የተጋገረ ነው፤ ቄስ ሳይባርከው አይቆረስም። የተቆረሰ ዳቦ ደግሞ ለተዝካር አይቀርብም። ይህን እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ አውቀው ነበር። አገልግሉን ፈታች፣ ኮባው ሲገለጥ ሽታው ወጣ፣ አየችውና ከዳር ገምሳ ሰጠችኝ። «ብይ» አለችኝ በቁጣ። «እሱ ልጅ ይወድ ነበር።» እንደዚያ ያለ ዳቦ ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም።

አክስቴ ስትመጣ እየሮጠች ነበር፤ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ውላ መኪናው ሲዘገይ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር። «የቢቸናው መኪና ዛሬ አይመጣም ተባልሁ» አለች።

ዘነበች ተነሥታ ቆመች። «ማን አለሽ?»

«ሰዎች ናቸው፣ እዚህ ያሉ።»

«ሰዎች ስም የላቸውም? ማን ነው ያለሽ?»

ዘነበች ወደ እኔ ዞራ «ይች ናት?» አለችኝ። ናት አልኩ። አልበቃትም። «አንች የማን ልጅ ነሽ?» ብላ አክስቴን ጠየቀቻት። አክስቴ የአባቷን፣ የአያቷን፣ የእናቴን ስም ጠራች። «አንችስ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ ደግሞ እኔን፤ እኔም የእናቴንና የአያቴን ስም ጠራሁ። ስሙ ሲገጥም እጄን አንሥታ በአክስቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ለእኔ አልነበረም ያለቀሰችው፤ የወንድሟ ፍትሐት አመለጣት። አክስቴ ለምና፣ እግሯ ላይ ወድቃ፣ ቤቷ አሳደረቻት። ጠዋት ስነሣ ዘነበች የለችም። የተቆረሰው ዳቦ አክስቴ መሶብ ውስጥ ነበር፤ እሷ ባዶ አገልግል ይዛ ለወንድሟ ተዝካር ሄዳለች።

ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እናቴ ግን ለብዙ ጊዜ ከየዕድ ውሃ በኩል የመጣውን ተሳፋሪ ሁሉ ታውቃት እንደሆነ እየጠየቀች ሰላምታና አንድ ጠርሙስ ማር በአደራ ትልክላት ነበር። ማሩ እንደደረሰ በሰው በሰው ሰምተናል። አመሰገነች የሚል ወሬ አልመጣም። ጠርሙሱ ተመልሶ መጥቷል፤ ታጥቦ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ።

እኔ ሞጣ አግብቼ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ እዚያው ቀረሁ። እናቴ ቢቸና እዚያው ቤቷ ናት። ከጀርባዋ የነበረው መናኸሪያ ግን የለም። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ደጋግማ ስለነገረችኝ ከእሷ እኩል አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ሰው ለስብሰባ ተጠራ። የባቡር ሐዲድ በከተማው ዳር ያልፋል ተባለ። አዲሱ መናኸሪያ ከከተማው ወጥቶ ከሐዲዱ አጠገብ ይሠራል፣ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ባቡር፣ ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ ይይዛል ተባለ። ማን አለ? ተባለ። እኔ በዚህ አገር እንደ «ተባለ» ያለ ባለሥልጣን አላውቅም። ስሙ አይታወቅም፣ ቢሮው አይታወቅም፣ ደጅ የሚጠናበት ቦታ የለውም፤ ግን ቤት ያስፈርሳል፣ ዛፍ ያስቆርጣል።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከመድረኩ ያለው ሰውም ሳቀ። እናቴ ተነሣች። የጠየቀችው ስለ ባቡሩ አልነበረም። «በዚህ በሰቀላችሁት ሥዕል ላይ መኪናው የሚቆምበት አለ፣ ተሳፋሪው የሚቀመጥበት አለ፤ ሸኚውና ተቀባዩስ የት ይቆማል?» አለች። ሰውየው በትሕትና ነው የመለሰላት፤ ይኼው ትሕትናው ነው ዛሬም የሚያቃጥላት። «እማማ፣ በስታንዳርዱ መሠረት ሸኚ አያስፈልግም» አላት። ሸኚ አያስፈልግም። ይህን ቃል ሳስበው ሰውየውን የወለደችው እናት ትታየኛለች። እሷስ የት ድረስ ሸኝታው ይሆን?

ዋንዛው ተቆረጠ። የድሮው መናኸሪያ በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር በቅሎበታል። አዲሱ ተሠራ። ባቡሩ አልመጣም። ሐዲዱ ያልፍበታል የተባለው የጤፍ ማሳ ላይ ነጭ የሲሚንቶ ችካሎች ቆመዋል፤ ገበሬው እየዞራቸው ያርሳል፣ አንዱ ላይ ፍየል ታስሮ አይቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ለማይመጣው ባቡር ብለን የሚመጣውን አውቶቡስ ከሰው አራቅነው።

ዘመናዊ ነገር ጠላች እንዳትሉኝ። የድሮው መናኸሪያ ሽንት ቤት አልነበረውም፤ ጭቃው ያስጠላል፣ ሌባም ነበረበት። አዲሱ መቀመጫ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ንጹሕ ነው። ግን ዙሪያውን ብረት አጥር ነው። በሩ ላይ ተሳፋሪ ያልሆነ ሰው መግባት ክልክል ነው የሚል ተጽፏል። ረዳት አገር እየጠራ ቢጮህ ይቀጣል፤ በጩኸቱ ምትክ የመኪናውን መድረሻ የሚያሳይ ትልቅ የመብራት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ሲመረቅ ሠርቷል ይላሉ። እኔ ስደርስ ጥቁር ነበር። ሸኚው የሚቆመው ከአጥሩ ውጭ፣ በአጥሩና በአስፋልቱ መሃል ባለች ጠባብ አፈር ላይ ነው፤ የጭነት መኪናዎቹ ነፋስ ነጠላ እየገፈፈ ያልፋል። አሮጊቶች እዚያ ቆመው፣ ብረቱን ይዘው፣ የትኛው መስኮት ላይ እጃቸውን እንደሚያውለበልቡ ሳያውቁ ያውለበልባሉ።

ባለፈው ክረምት፣ ተዘግቶ የቆየው መንገድ በተከፈተበት ሰሞን፣ ልጄ ሶስና አያቷ ዘንድ ከርማ ነበር። ዕድሜዋ እኔ ያኔ የነበርኩበት ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል እኔ የተማሪ ምዝገባ ይዞኝ መሄድ አልቻልኩም። እናቴ በስልክ «አበባ፣ አንችን እንዴት ላክሁሽ? በአደራ እልካታለሁ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ እናቴ ሰው ትመርጣለች ብዬ።

ሰው የምትመርጠው ግን ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ እሷ ያለችው ከአጥሩ ውጭ ነው። ትኬቱን በመስኮት ቆረጠች። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማት። ልጅቱን መኪናው ላይ አስቀምጣ ለአንድ ተሳፋሪ አስይዛ ብቻ እንደምትወጣ ነገረችው፤ «አይቻልም እማማ፣ ታዝዤ ነው» አላት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አይቼዋለሁ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይገፋል፣ ሰዓቱ ደርሷል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች። የሶስናን እጅ አንሥታ በጥበቃው እጅ ላይ አስቀመጠችና «አደራ፣ የሞጣው መኪና ላይ፣ ደህና ሰው አጠገብ አስቀምጥልኝ» አለችው። እሱም «እሺ እማማ፣ ምን ችግር አለ» አላት።

እናቴ ያን «እሺ» ስትሰማ ልጅቱን መልሳ ልትይዛት እጇን ዘርግታ ነበር። ነግራኛለች። ልጅቱ ግን በሩን አልፋለች።

ጥበቃው እጁ ላይ የነበረውን እጅ ለቆ ሦስተኛውን መኪና አሳያት። የሞጣው ዘግይቶ በሱ ቦታ የደጀኑ ቆሞ ነበር። ሰሌዳው ጥቁር ነው። የሚጮህ ረዳት የለም። ልጄ የተባለችው ላይ ወጣች። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ሆና ለሞጣው መኪና፣ ባዶ ለሆነ መስኮት፣ እስኪሰወር ድረስ እጇን አውለበለበች። የደጀኑ ረዳት ትኬት ሲያይ መንገድ ላይ ነበሩ። «ተሳስተሻል፤ ደጀን ስንደርስ ትመለሻለሽ» አላትና ወደ ኋላ አለፈ።

እኔ ሞጣ ቆሜ የቢቸናውን መኪና ተቀበልኩ። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ልጄ የለችም። ሾፌሩን ጠየቅኩ፣ ወንበር ሥር ሳይቀር አየሁ። እናቴ ዘንድ ስደውል ስልኩን ሳትዘጋ ወደ መናኸሪያው ወጣች፤ የምሰማው ትንፋሿን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት መጻፍ አልችልም፤ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችውን ደጀንን፣ የጭነት መኪናውን ሰልፍ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ፣ ልጄ እዚያ መሆኗን ገና ሳላውቅ ፈራሁት። ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ሲደወል ወደ ቢቸና የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። «እማ፣ ደጀን ነኝ። ይኼው መኪና ሲመለስ ወደ ቢቸና ይዞኝ ይመጣል» አለችኝ። አላለቀሰችም። ቁጥሬን በቃሏ ታውቀዋለች።

ቢቸና ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። እናቴን ያገኘኋት ከአጥሩ ውጭ፣ ባቡር ያልፍበታል ተብሎ በተተከለው ችካል ላይ ተቀምጣ ነው። ከቀትር ጀምሮ እዚያ ናት። ቤት እንድትሄድ ጎረቤት ቢለምናት፣ ጥበቃውም ቢለምናት አልተነሣችም። ሳያት ያን ድንጋይ አስታወስኩ፤ ያን ግንብ ሥር ያለውን፣ ሞጣ ያለውን። ቁጣውም ያው ነበር። መንገዱን ትቆጣለች፣ የጭነት መኪናውን ትቆጣለች፣ ራሷን ትቆጣለች።

ጥበቃው ወደ እኛ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ልጅ፣ ስሰጥህ ማን ይቀበላታል ብለህ ጠይቀኸኛል?»

«እማማ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው» አላት። መከራከሩ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። የተቀጠረው በር እንዲጠብቅ ነው። ሰው እንዲጠብቅ የተቀጠረ በዚያ ሁሉ ሲሚንቶ ውስጥ የለም። የእኔም ንዴት እሱ ላይ ሊያርፍ ሄዶ ማረፊያ አጣ። ማን ላይ ልጣለው? «ተባለ» ላይ?

የደጀኑ መኪና ገባ። ሶስና ፌስታሏን ታቅፋ ወረደች። እኛ ከብረቱ ወዲህ፣ እሷ ከብረቱ ወዲያ ናት። እናቴ እጇን በብረቱ መሃል አሾልካ ዘረጋች፤ ልጅቱ መጥታ ያዘችው። በሩ ክፍት ነበር፤ ጥበቃው ራሱ ከፍቶ ይዞት ነበር። እናቴ ግን ያን እጅ ለቃ በበሩ ለመዞር አልደፈረችም፤ ተያይዘው፣ አንዷ ከውስጥ አንዷ ከውጭ፣ በየብረቱ አንዱን እጅ በሌላው እየለወጡ እስከ በሩ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሶስና ስለ ቀኗ ነገረችን። ደጀን መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብዙ ሰው አልፏል፣ አጠገቧም ሰው ተቀምጦ ተነሥቷል። ስልክ የሰጣት ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ነበረው፤ ደውላ ስትመልስለት ቀና ብሎ አላያትም። ማንም ክፉ ነገር አላደረገባትም። ይህን ደጋግማ ነገረችን፤ እንዳንናደድ መሰለኝ።

እኔ ያኔ ሞጣ ላይ የጠፋሁት ከአንዲት የተቆጣች ሴት ጎን ነው። እሷ ለማታውቀው ልጅ ብላ የወንድሟን ፍትሐት አጣች፤ የተዝካሩን ዳቦ ገመሰች። ልጄ የጠፋችው ግን ወንበሩ በተጠረገ፣ መብራቱ በበራ፣ ሥርዓት በያዘ ቦታ ነው፤ ስለ እሷ ብሎ መኪና ያመለጠው፣ እንጀራ የቀዘቀዘበት፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ አንድ ሰው አልነበረም። የምናደደው ለዚህ ነው። ድሮ ችግር አልነበረም ብዬ አይደለም። ድሮ የሚቆጣልኝ ሰው ነበር።

የድሮው መናኸሪያ አጥር ጋ ስንደርስ ሶስና ቆመች። «እማ» አለችኝ፣ «ቀኑን ሙሉ እኮ ማንም የማን ልጅ ነሽ አላለኝም።»

እናቴ መንገዱ መሃል ቆማ ልጅቱን ወደ ራሷ አዞረቻት፤ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች፤ በዚያ ዋንዛው ሥር በለመደችው ድምፅ፣ ልክ እንግዳ ልጅ እንዳገኘች ሁሉ ጠየቀቻት።

«አንች የማን ልጅ ነሽ?»

«የአበባ» አለች ሶስና። «የጥሩነሽ የልጅ ልጅ።»

እናቴ የሶስናን እጅ አንሥታ በእጄ ላይ አስቀመጠችው።